ጳጳሱ ያልመለሰው ደብዳቤ

ታሪኩን አንብባችሁ ስታበቁ እንዳታዝኑልኝ፣ ያኔ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልናገር። አዳሙ እባላለሁ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመት ማግስት፣ አትላንታ ኤርፖርት አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ የአንድ ሆቴል እንግዳ ማመላለሻ ሻትል ሾፌር ነበርኩ። ፓይን ሌክ ትንሽ ቤት ነበረችኝ። ሰላማዊት የምትባል አንድ ልጄን ፋርማሲ አስተምሬ አስመርቄያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰዉ ሁሉ "መሪጌታ" እያለ ይነሳልኛል። መሪጌታ አይደለሁም። ጎጃም ውስጥ ዜማ ዘልቄ ቅኔ ላይ ስደርስ ያቋረጥኩ ተማሪ ነኝ። ግን ሰው በነጻ የሰጠኝን ማዕረግ መመለስ ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ግትርነቴን ነው። ባለቤቴ ዘውዴ "አንተ የሚጣላህ ስታጣ ከጥላህ ጋር ትጣላለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ሰላማዊት ማርቆስ የሚባል ልጅ ወደደች። እንደ እሷው አሜሪካ ያደገ፣ ኢንጂነር፣ ጨዋ ልጅ። ከወደ ጉራጌ ነው። አትላንታ ዳር ታከር የሚባል አንድ ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ እሱ ከእናቱ ጋር፣ እሷ ከጓደኛዋ ጋር አፓርትመንት ተከራይታ። ምንም እንከን የሚወጣለት አይደለም፤ ካቶሊክ ከመሆኑ በስተቀር።

ካቶሊክ የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። የቅኔ መምህራችን ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ስለመጡት የፈረንጅ ጳጳሳት ሲያወሩ፣ ሰዎቹ ትናንት ማታ በደጃቸው ያለፉ ያህል ነበር የሚቆጡት። ሕዝቡን "ጥምቀትህ ጥምቀት አይደለም፣ እንደ አዲስ ተጠመቅ" አሉት፤ ካህናቱን "ካህን አይደላችሁም" አሏቸው፤ አባት ከልጅ ተላለቀ። ይህን እየሰማሁ አደግሁ። ስደትም፣ ሱዳንም፣ አሜሪካም ከልቤ አላወጡትም።

ማርቆስ ሽማግሌ ላከ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ሳሎኔ መጥተው ቆመው ጠየቁኝ። እኔም ቁጭ በሉ ሳልል "ይጠመቅና ይምጣ" አልኳቸው።

"ተጠምቋል እኮ መሪጌታ" አለኝ አንደኛው። "ሕፃን ሳለ እናቱ አስጠምቃዋለች።"

"ያ ጥምቀት አይደለም፤ ውሃ ነው። ገላውን ነው የታጠበው።"

ትልቁ ሽማግሌ ቀስ ብሎ "ይህቺ ቃል ከዚህ ቤት ባትወጣ ጥሩ ነው" አለኝ።

"ትውጣ! እናቱም ትስማ!" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል እንዲህ ነው።

የንስሐ አባቴ ሳይቀሩ መክረውኛል። "አዳሙ፣ ሰው አምኖና ወዶ ይጠመቃል እንጂ በሽማግሌ ተገዶ አይጠመቅም። ልጁን ጊዜ ስጠው፣ እኔም ላስተምረው" አሉኝ። አልሰማሁም። ሠርጉ ለእሑድ ተቆርጧል። ማርቆስ ከዚያ በፊት ካልተጠመቀ ከሠርጉ እግሬ አይደርስም፣ ልጄንም አልመርቅም ብዬ ማልኩ። ሰላማዊት ሦስት ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። እኔም ታግሼ ሳይሆን ኮርቼ ዝም አልኩ።

በዚያ በሠርጉ ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ ከኤርፖርት አንዲት አሜሪካዊት አመጣሁ። ስልሳውን ያለፈች፣ ፀጉሯ ነጭ፣ ሻንጣዋን ሳነሳላት ዝም ብላ አንዲት ቦርሳ ግን አላስነካም ያለችኝ ሴት። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች መሪው አጠገብ ያስቀመጥኳትን ዳዊቴን አየችና "ይህ ግዕዝ ነው አይደል?" አለችኝ። መኪናዋን ልታስገለብጠኝ ነበር። በዚያ መኪና ስንት ዓመት ስነዳ ዳዊቴን ያየ ሁሉ ዐረብኛ ነው ወይ ይለኝ ነበር።

የታሪክ ፕሮፌሰር ናት። ሆቴሉ ውስጥ ለሚደረግ የምሁራን ስብሰባ ነው የመጣችው። የምታጠናው ምን እንደሆነ ስትነግረኝ ፍሬን ልይዝ ምንም አልቀረኝም፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የአንድ ካቶሊክ ጳጳስ የሕይወት ታሪክ ስትጽፍ ኖራለች። ያውም ከእነዚያ ወደ እኛ አገር ከመጡት የአንዱን! ስሙን ለእሷ መጽሐፍ እተውላታለሁ፤ እኔ ጳጳሱ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ከተማውን ልታይ ወጥታ ባቡር ጣቢያ ላደርሳት ስንሄድ "ያ ሰውዬ አገሬን ያፈረሰ ሰው ነው" አልኳት። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ግን በሙሉ ድምፄ።

"ሊሆን ይችላል" አለች ሳትቆጣ። "እንዴት እንዳፈረሰ ልንገርህ?"

መኪናዋን ጥግ አስይዤ ሰማኋት። የጫማ ሰፊ ልጅ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ገዳም ገባ። በወጣትነቱ፣ ገና ተራ ቄስ ሳለ፣ ወደ ኢትዮጵያ ተላከና ብዙ ዓመት ኖረ። ግዕዙንም አማርኛውንም ከእኛ ሰዎች እኩል ቻለ፤ ከደብተራዎች ጋር እስኪመሽ ይከራከራል፣ ገበሬ ቤት ገብቶ ይበላል፣ የታመመ ያስታምማል። ወዳጅ ነበር አለችኝ። ከዚያ ወደ አገሩ ተመለሰና ጳጳስ ተደርጎ እንደገና ተላከ። ከተነሳ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በባሕርና በጨው በረሃ ተጉዞ ደረሰ። የተመለሰው ግን ያ የድሮው ሰው አልነበረም። ባርኔጣውን ሲለውጥ ጆሮውን አብሮ ሳያወልቅ አይቀርም፤ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ምሁር ስለሆነች እንዲህ አትልም። ንጉሡም መኳንንቱም "ቀስ በል" ሲሉት አልሰማም። በየሜዳው ሰው እያሰለፈ እንደ አዲስ አጠመቀ። ሕዝቡ ተነሣ፣ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻ ተባረረ። ወደቡ ላይ ቱርኮች ያዙት፣ መጻሕፍቱንና ልብሰ ተክህኖውን ገፈፉት። ሕንድ ደርሶ ሃያ ዓመት ያህል ኖረና ሞተ። እስኪሞት ድረስ በየደብዳቤው ሥር "የኢትዮጵያ ጳጳስ" እያለ ይፈርም ነበር፤ አንድም የሚቀበለው ምእመን ሳይኖረው።

"ይበለው!" አልኩ።

ፕሮፌሰሯ ፈገግ አለችና ቦርሳዋን ታቀፈች። "ሲሞት ከጸሎት መጽሐፉ ውስጥ አንድ የግዕዝ ወረቀት ተገኝቷል። ጽሕፈቱ ስለተበላሸ ማንም በደንብ አላነበበልኝም። የርስት ክርክር ሳይሆን አይቀርም ብለውኛል። ነገ ቁርስ ላይ ታየው?"

ዓርብ ጠዋት ፈረቃዬ ሳይጀምር የሆቴሉ ቁርስ ቤት ተገናኘን። ዋፍል ይሸታል፤ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። እሷ ፎቶ ኮፒውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። መጀመሪያ ያየሁት ፊደሉን ሳይሆን የእጥፋቱን መስመር ነው። ወረቀቱ ስምንት ቦታ ታጥፏል፤ ብዙ ጊዜ ተዘርግቶ ብዙ ጊዜ ከመታጠፉ የተነሳ እጥፋቱ ላይ ያሉት ቃላት ጠፍተዋል። ይህን ሰውዬው ደጋግሞ አንብቦታል አልኩ በልቤ።

የጻፈው ደብተራ ነው፤ ከእጁ ያስታውቃል። የሚናገሩት ግን ሴቶች ናቸው። ይህን ስነግራት ፕሮፌሰሯ ቡናዋን አስቀመጠች። "ሴቶች?" አለች። አሥራ አምስት ዓመት የርስት ወረቀት ነው ስትባል የኖረችው። በየቃሉ እየቆምኩ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩላት። ቃል በቃል ባይሆንም የቀረልኝ እንዲህ ነው።

አባታችን ሆይ፣ በፊት ቤታችን ገብተህ እንጀራችንን በልተሃልና አንተን አንፈራም፤ ስለዚህ እንጠይቅሃለን። በሕይወት ያሉትን ልጆቻችንን ወስደህ እንደገና አጠመቅህ። የፊተኛው ጥምቀታችሁ ጥምቀት አይደለም፣ ውሃ ብቻ ነው አልክ። እሺ ብለን ሰጠንህ። ነገር ግን በፈንጣጣው ዘመን የሞቱብንን ማን ያጠምቅልናል? እነሱ የተጠመቁት በፊተኛው ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሊት አንተኛም። ያ ውሃ ብቻ ከነበረ፣ ልጆቻችን አሁን የት ናቸው?

ከዚያ በታች ስም ነው። የሞቱ ሕፃናት ስም፣ ተራ በተራ፣ እናት በእናት።

ማንበቤን አቆምኩ። ይህ የእኔ ቃል ነው። ሳሎኔ ውስጥ ሦስት ሽማግሌ አቁሜ የተናገርኩት፣ ትንሽ እንኳን ሳይዛነፍ! ዕድሜዬን ሙሉ የረገምኩት ሰውዬ በእኔ አፍ ሲናገር ቆይቷል፤ አላወቅኩትም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

"ምን መለሰላቸው?" አልኳት።

"አልመለሰም። የጻፋቸው ደብዳቤዎች በሙሉ አሉኝ። ለነገሥታት መልሷል፣ ለሊቃውንት መልሷል። ለዚህ አንድ መስመር እንኳን የለም። ቱርኮቹ ሁሉን ሲወስዱበት ይህን ግን ደብቆ አተረፈው። ምን እንደሚል ስለማላውቅ ለምን እንደሆነ ገብቶኝ አያውቅም ነበር።" ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ስልኬን አወጣሁ።

ሰላማዊት ጋ ደወልኩ፤ አታነሳም። ማርቆስ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በሩ ላይ ሻንጣቸውን የደረደሩ እንግዶች ይጠብቁኛል። ሁለት ጊዜ ኤርፖርት ወስጄ መለስኩ፤ ምን እንደተናገሩኝ፣ ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። በየመብራቱ እደውላለሁ። ስድስት ሰዓት ገደማ ቤት ደወልኩና ዘውዴን "ልጅቷ የት ናት?" አልኳት።

ዘውዴ "ለምን ፈለግካት?" አለችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ጥያቄዬን በጥያቄ መልሳልኝ አታውቅም።

"ምንድነው?"

"ሰርፕራይዝ ሊያደርጉህ ነበር" አለችኝ በመጨረሻ። "ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የዓርቡ ቅዳሴ ከሰዓት ነው አይደል፣ ከቅዳሴው በፊት ልጁ ሊጠመቅ ነው። ደስ ይበልህ፤ ያልከው ሆነ።"

ሥራ አስኪያጄን "ፋሚሊ ኢመርጀንሲ" ብዬ የሻትሉን ቁልፍ ሰጥቼው በራሴ ቶዮታ ወጣሁ። ሃይዌዩ ዓርብ ስለሆነ ቀጥ ብሏል። ምን እንደምላቸው አላውቅም፤ "አቁሙ" ልል ነው? እኔው አዝዤ? ግን ልጁ በእኔ ቃል ተገፍቶ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ "ይቅርታ" ሳልለው እንዳይገባ ፈለግኩ። ሁሉም ነገር እዚህ ላይ የተንጠለጠለ መሰለኝ። መኪኖቹ አንድ ክንድ እየተንፏቀቁ ነው የሚሄዱት።

ስደርስ ዘግይቼ ነበር። ማርቆስ ነጠላ ለብሶ፣ ፀጉሩ ረጥቦ፣ አንገቱ ላይ አዲስ ማተብ ታስሮለት ከቤተ ክርስቲያኑ በር እየወጣ ነው። ሰላማዊት ከጎኑ ናት። ስታየኝ ደነገጠች።

"አባዬ? ዋት አር ዩ ዱዊንግ ሂር? ሥራ ላይ አይደለህም እንዴ?"

ማርቆስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ኢትስ ዳን፣ ጋሼ፣ ተጠመቅኩ። አሁን ሃፒ ነህ?"

ስላቅ አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ያ ይበልጥ ገደለኝ።

"እናትህስ?" አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። በዓይኑ ወደ ፓርኪንጉ ጥግ አመለከተኝ። አንዲት ግራጫ መኪና ቆማለች፤ ውስጧ አንዲት ሴት ወደ ፊት እያዩ ተቀምጠዋል። "ሺ ድሮቭ ሚ፣ እሷ ናት ያመጣችኝ" አለኝ። "አልገባም አለች። አላለቀሰችም፣ ምንም አላለችም። ላይክ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አላለችም።"

የማርቆስን እናት ወይዘሮ አስካለን ከዚያ በፊት ያየኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም እጃቸውን እንደነገሩ ነው የጨበጥኩት። አሁን ወደ መኪናቸው ስሄድ እግሬ ከበደኝ። አገር ቤት ከባድ በደል የበደለ ሰው ባዶ አንገቱን ይቅርታ አይጠይቅም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ጎን ካሉት አበቦች ዙሪያ ጌጥ ተብለው ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱን፣ ደህና ከባዱን፣ አነሳሁ። ማጅራቴ ላይ ጫንኩና መኪናቸው በር ፊት አስፋልቱ ላይ ተንበረከክኩ።

"አባዬ!" ብላ ጮኸች ሰላማዊት። እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። አትላንታ ውስጥ ማን አይቶ ያውቃል?

በሩ ተከፈተ። ጥቁር ጫማቸውን አየሁ። ድንጋይ ለተሸከመ ሰው ደንቡ የታወቀ ነው፤ የተበደለው "ኧረ በስመ አብ፣ ይነሱ" ብሎ ቶሎ ድንጋዩን ያወርድለታል። እሳቸው አላወረዱልኝም።

"ትንሽ ይቆዩበት አቶ አዳሙ" አሉኝ። "የምለው አለኝ።"

"እሺ" አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

"ልጄ የተጠመቀበትን ውሃ ነው ብለዋል አሉ። ነግረውኛል።"

"ብያለሁ።"

"ባለቤቴ ጎንደር አስተማሪ ነበር። ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከሌሎች ስደተኞች ጋር በመተማ በኩል ወጣን፣ በረሃው ላይ ምጥ ያዘኝ። መንታ ወለድኩ።"

ከኋላዬ የማርቆስ እርምጃ ሲቀርብ ሰማሁ።

"መንገድ መሪያችን ጥሎን ጠፋ። ውሃ አለቀ፤ የእኔ አንዲት ኮዳ ብቻ ቀረች፣ እሷም ከግማሽ በታች። ጡቴ ደረቀ። ልጆቹ ያለቅሱ ነበር፤ ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። እናት ልቅሶውን አይደለም የምትፈራው አቶ አዳሙ፣ ዝምታውን ነው። ቄስ የለ፣ ደጀ ሰላም የለ። እኛ ስንማር፣ ሞት ከቀደመ ማንም ክርስቲያን ያጠምቃል ተብለን ነበር። ኮዳዋን ከፈትኩ። አብረውን የሚሄዱት ሰዎች ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ያዩኛል። አንድ ሰው እንኳን አትድፊው አላለኝም። በስመ አብ ብዬ በሁለቱም ጭንቅላት ላይ አፈሰስኩት። ወንዱን ማርቆስ አልኩ። ሴቷን ሐና አልኩ።"

ድንጋዩ አንገቴን እየሰበረኝ ነው። ግን እንኳን ላወርደው፣ ቢጨምሩልኝ እወድ ነበር።

"ሐና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች። አፈሩን በእጄ ጫርኩና ቀበርኳት። ማርቆስን በማግስቱ አንዲት የዘላን ሴት ወተት ሰጥታው ተረፈ። ለእሱ ነግሬው አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ተጠምቃለች፣ አምላክ ጋ ናት እያልኩ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ።" ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። "ልጄ እንደገና ይጠመቅ፤ ሚስቱን ወዶ ነው፣ አልጠላሁበትም። ግን እሱ ያን ቀን ካልተጠመቀ፣ እሷም አልተጠመቀችም ማለት ነው። እርስዎ የተማሩ ነዎት አሉ። ይንገሩኝ። ሐና የት ናት?"

አንባቢዎቼ፣ ሰው ሲደነግጥ ፀጉሩ ይቆማል ሲባል ወግ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት የአራት መቶ ዓመት ዕድሜ ካለው ወረቀት ላይ ያነበብኩት ጥያቄ፣ ያንኑ ቀን፣ አንዲት ያን ወረቀት አይተውት የማያውቁ እናት አናቴ ላይ ቆመው ጠየቁኝ። ወረቀቱን ይዤ ላንብብ ብል እንኳን እንዲህ ልክክ ብሎ አይወጣልኝም ነበር።

"ማሚ?" አለ ማርቆስ ከኋላዬ። እንደ ሕፃን ነው ድምፁ። "ሁ ኢዝ ሐና?"

የእናቱ ጫማ ከፊቴ አልተነቃነቀም። እሳቸው መልስ የሚጠብቁት ከእኔ ነው። ሥርዓቱን አውቀዋለሁ፤ ማን ያጠምቃል፣ በስንት ቀን፣ በየትኛው ጸሎት፣ በቃሌ የማልለው የለም። ሁሉም ለዚህች ጥያቄ አልሆነኝም። ጳጳሱም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም፤ መጽሐፍ ሙሉ ያውቅ ነበር፣ ለእነዚያ ሴቶች የሚሆን ግን አንድ መስመር አጣ። ዝም ካልኩ እኔም ያንን ወረቀት አጣጥፌ ይዤ ልሞት ነው።

"ተጠምቃለች" አልኩ።

"ማን አጠመቃት?"

"እናቷ።"

"በምን?"

"በውሃ።"

"ውሃ ብቻ?"

"አይደለም" አልኩ። እንባዬ አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል። "አይደለም ወይዘሮ አስካለ፣ ውሃ ብቻ አልነበረም። እኔ ነኝ የማላውቀውን የተናገርኩት።"

ከዚያ ሁለት እጃቸው ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ድንጋዩን አወረዱልኝ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ። "የእኔን ይቅር ብያለሁ። የልጄን ከልጄ ይጠይቁ።"

ማርቆስ ግን እኔን አላየኝም። ያን ነጭ ነጠላውን እንደለበሰ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን እናቱ ጉልበት ላይ ጥሏል። "ትዊን? ትዊን ነበረኝ?" ይላል ደጋግሞ። ሰላማዊት አጠገቡ ቆማ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። የዚያን ቀን አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጥላቻ አልነበረም፤ እንግዳ ሰው ነው የምታየው የሚመስለው።

የንስሐ አባቴ በሩ ላይ ብቅ ብለው ቅዳሴ ሊገባ መሆኑን ነገሩን። ማርቆስ ቀና አለና እኔን ጠየቀኝ። "ጋሼ፣ አሁን ብገባ ዋት ደዝ ኢት ሚን? እሷን ትቻት ነው የምገባው?"

የመለሱለት እናቱ ናቸው። "ግባ ልጄ" አሉት። "ገብተህ ስትጸልይ ስሟን ጥራልኝ።" ገባ። እሳቸው መኪናው ውስጥ ተመልሰው ተቀመጡ፤ እኔም ቅዳሴው እስኪያልቅ ከመኪናው ጎን ቆምኩ።

እሑድ ሠርጉ ሆነ። ወይዘሮ አስካለ መጡ። ልጆቹን አብረን መረቅን፣ መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥዬ እኔ። ሰው ሁሉ "መሪጌታ ዛሬ ምን ነካው፣ ምርቃቱ አጠረ" ብሎኛል አሉ። እውነት ነው፤ የማውቀው ቃል ሁሉ ትልቅ ትልቅ መስሎ ታየኝና የምለው አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። አትሳሳቱብኝ፤ ሃይማኖቴን አልለወጥኩም፣ የቤተ ክርስቲያኔንም ሥርዓት ልሽር አልተነሳሁም። የካቶሊክ ጠበቃም አልሆንኩም። የተለወጠው ሌላ ነው። ያን ጳጳስ ድሮ ሳስበው ቀንድ ያለው ፍጡር ነበር የሚመስለኝ። አሁን የሚታየኝ ቋንቋችንን ከእኔ አሳምሮ የሚያውቅ፣ ግን ሰው ሲናገር የማይሰማ አንድ ሽማግሌ ነው፤ ሕንድ አገር መስኮት አጠገብ ተቀምጦ የማንም ሳይሆን "የኢትዮጵያ ጳጳስ" እያለ የሚፈርም። እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት፤ ልጅ ሳይኖረኝ "የሰላማዊት አባት" እየተባልኩ ልኖር ነበር። አንዳንዶቻችሁ ይህን ስታነቡ በልጃችሁ ሽማግሌ ፊት እንደ እኔ ደረታችሁን ነፍታችሁ የተቀመጣችሁ ትኖራላችሁ። የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ቃሉን ከመወርወራችሁ በፊት ማን ላይ እንደሚያርፍ ጠይቁ። እኔ ያ ቃል የሚያርፈው አንድ ጎረምሳ ላይ መስሎኝ ነበር።

ማርቆስን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። "ኢትስ ኦኬ" አለኝ። ኦኬ እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። ሌሎች አማቾች "አባዬ" ሲሉ እሰማለሁ፤ እሱ እስከ ዛሬ "ጋሼ" ነው የሚለኝ፤ አልቀየምም።

በየዓመቱ የአባቴ መታሰቢያ ሲደርስ የሞቱ ዘመዶቼን ስም ጽፌ ለንስሐ አባቴ እሰጣለሁ፤ እሳቸው በጸሎቱ ላይ ያነቡልኛል። ከሠርጉ በኋላ በመጣው ዓመት ከዝርዝሩ ግርጌ አንድ ስም ጨመርኩ። ወረቀቱን ተቀብለው እስከ ታች አዩት።

"ሐና ማን ናት?" አሉኝ።

"የማርቆስ እህት ናት አባ።"

"የት ተጠመቀች?"

"መተማ ማዶ፣ በረሃ ላይ።"

"ያጠመቃትስ ካህን?"

"እናቷ ናቸው።"

መነጽራቸውን አወለቁና ብዙ አዩኝ። "አዳሙ፣ ሥርዓቱን ታውቃለህ" አሉ።

"አውቃለሁ አባ።"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ከላይ ጀምረው ማንበብ ያዙ፤ አባቴን፣ እናቴን፣ ወንድሞቼን። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። ሐና ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።